ግንበኛው የጠየቀው መንገድ

በአስታ በር ዋና መንገድ ዳር ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው፣ ሳያውቀው የአንድ ሰው እጅ ነው የሚመለከተው። የጤና ጣቢያው አጥር፣ የእህል ነጋዴው የይሥሐቅ ባለ ፎቅ ቤት፣ የመምህራኑ መኖሪያ፣ የመድኃኔ ዓለም ቅጥር የምሥራቁ በር፣ ሁሉም የግንበኛው የጋሽ ትዕዛዙ ሥራ ናቸው። እዚያው ተወልጄ ባድግም ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ ነው። ከዚያ ወዲህ በከተማው ስሄድ እጄ ሳላስበው ወደ ግድግዳ ይሄዳል። ድንጋዮቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሕፃን አርፈዋል። ይህን ያህል ክብደት ይህን ያህል ጸጥ ሊል መቻሉ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

አስታ በር ትንሽ ናት። ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ የሚመጣ ሰው አንድ ዳገት ይወጣል፣ የገብስ ማሳ ያቋርጣል፣ ከዚያ ደረስን ብሎ ሳይጨርስ አልፏት ይገኛል። ቅዳሜ ትሰፋለች፤ በግና የበግ ጠጉር፣ ገብስና ባቄላ ይዘው ከየቀበሌው የሚመጡ ገበያተኞች ይሞሏታል። እሑድ ደግሞ ተመልሳ ትሰበሰባለች። ነፋሷ ግን ቅዳሜም እሑድም የለውም። በዚህ ብርድ አገር ቤት ማለት ግድግዳ ነው። ሰው ስለ ጎረቤቱ ቤት ሲያወራ ስንት ክፍል እንዳለው አይጠይቅም፤ ነፋስ ያስገባል ወይ ነው የሚለው። የጋሽ ትዕዛዙ ግድግዳ አያስገባም ይባላል።

የእኔ ነገር ግን ነፋስ ስለሚያስገባ አንድ ግድግዳ ነው፤ ስለራሳቸው ስለ ጋሽ ትዕዛዙ ቤት የጓሮ ግድግዳ።

ያን ቤት የሠሩት በጎጆ መውጫቸው ነው። ሥራውን ያስተማሯቸው አማታቸው፣ የሚስታቸው የእትዬ ጌታነሽ አባት ናቸው። እትዬ ጌታነሽ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ሲያጫውቱ ይህን ታሪክ ሳይነግሩ አይውሉም። ወጣቱ ትዕዛዙ ሽማግሌ ልኮ ሲጠይቃቸው አባትየው፣ ልጄን ከመስጠቴ በፊት አንድ ማዕዘን ሲያቆም ልየው አሉ። ትዕዛዙ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ አቆመ። አባትየው ቱንቢውን ጣል አድርገው አዩና፣ ልጅቷን ውሰድ፣ ማዕዘኑን ግን አፍርሰው አሉት ይባላል። ጋሽ ትዕዛዙ ይህ በተነገረ ቁጥር፣ ያን ዕለት የተጣመመው ማዕዘኑ ሳይሆን የአማታቸው ቱንቢ እንደነበር ይከራከራሉ። ሁለቱም ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ይሠራል፣ ሴቷ ቀየት ወረዳ አግብታ ትኖራለች። በቤቱ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የአስታ በርን የወደፊት ዕድገት የሚያሳይ ፕላን ሊሠሩ ባለሙያዎች ከውጭ የመጡ ጊዜ ነው። ከተማውን ለሳምንታት በእግራቸው ዞሩት። በየማዕዘኑ መሣሪያ ተክለው በአንድ ዓይን ተመለከቱ፣ በየደጁ ችካል መቱ። በመጨረሻ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። የቡድኑ መሪ ጽናት የምትባል፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ነበረች። ፊታችን ቆማ፣ ከተማችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንድትሆን ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀችን።

ማንም አልተናገረም። በእኛ አገር ስብሰባ ላይ ቀድሞ መናገር እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ዝምታው ያለ ነው፤ የዚያን ዕለቱ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ጥያቄውን ለራሴ ሞከርሁት። ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ልጅ ሰርግ እናስባለን፤ ከተማ የሚያህል ነገር ግን ወደፊት ምን ይሁን ተብሎ ይታሰባል ብዬ አላውቅም ነበር። ተራራውን ምን መሆን ትፈልጋለህ ብሎ እንደ መጠየቅ መሰለኝ። የስብሰባው መሪ፣ ይህ ዕድል እንዳያመልጣችሁ እያለ ወተወተ።

ያኔ ጋሽ ትዕዛዙ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ።

ውሃውንም መብራቱንም የሚያውቁት ይጠይቁት፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ አለኝ አሉ። በከተራ ዕለት ታቦቱ ከመድኃኔ ዓለም ወጥቶ ወደ ወንዙ ሲወርድ በቤቶች መካከል ያለችው መተላለፊያ ጠባብ መሆኗን፣ እዚያ ሲደርሱ ከታቦቱ በላይ የተዘረጋው ድባብ እንደሚታጠፍ፣ የተሸከሙት ቄስ ትከሻቸውን አዙረው በጎን እንደሚያልፉ ተናገሩ።

«ታቦት በጎን ማለፍ የለበትም» አሉ። «ሌላው ቢቀር ለታቦቱ መንገድ ይስፋልን።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከፊት የተቀመጡት አረጋዊው ካህን መምሬ መርስዔ ኃዘን ተነሥተው ባረኩ። ጽናት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ወርዳ የጋሽ ትዕዛዙን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። ይህ ከሕዝቡ ከራሱ የመጣ ሐሳብ ነው፣ ፕላኑ በዚህ ላይ ይቆማል አለች።

ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልተነሣም። ቆይቶ እንደ ሰማሁት አንዷ የገበያ ሴት ለቅዳሜ ገበያ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ልትጠይቅ አስባ ነበር፤ ታቦት ከተነሣ በኋላ ግን እንዴት አድርጋ ሽንት ቤት ትላለች? የቄራውም፣ የአውቶቡስ መናኸሪያውም፣ የቆሻሻ መጣያውም ጥያቄ በየሰዉ ልብ እንደ ተቀመጠ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አስታ በር ስለ ሃያ ዓመት ዕድሏ ተጠይቃ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁላችንም በጣም ደስ ብሎን ነበር።

ፕላኑ ጸድቆ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በማዘጋጃ ቤቱ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ፣ ከአንድ ሰው ቁመት የሚበልጥ ወረቀት ሆኖ ተሰቀለ። ሰው ሥዕል እንደሚሳለም ሁሉ እየተሰለፈ አየው። አዲስ የተቀጠረው የፕላን ባለሙያ ምንተስኖት የአገራችን ልጅ ነው፤ በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ ያስረዳ ነበር። ቢጫው መኖሪያ ነው፣ ቀዩ ንግድ ነው፣ አረንጓዴው መናፈሻ ነው። መናፈሻ የተባለው ቦታ አሁን የመምሬ መርስዔ ኃዘን ባቄላ ማሳ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ወንዙ ደግሞ ሁለት የጭነት መኪና ሳይነካካ የሚተላለፍበት ሰፊ ነጭ መንገድ ተዘርግቷል።

ታቦቱ የሚወርድባት የድሮዋ መንገድ ትጠማዘዛለች። ከጥዱ ትዞራለች፣ ከምንጩ በላይ ትታጠፋለች፣ የሰው ደጅ እያየች ትወርዳለች። በወረቀቱ ላይ ያለው ግን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው።

ጋሽ ትዕዛዙ ረጅም ሰዓት አዩት። ሥራው አማራቸው፣ መስመሩንም አደነቁ። ከዚያ ቤቴ የቱ ጋ ነው ብለው ጠየቁ። ምንተስኖት እስክሪብቶውን ትቶ ጣቱን ነጩ መንገድ ላይ አስቀመጠ። የጣቱ ጫፍ ቤቱን ከነጓሮው ሸፈነው።

በመስመሩ ላይ ሌሎችም ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ጋሽ ትዕዛዙ ግን ሳቁ፤ ለታቦቱ ነው፣ ምን እላለሁ አሉ። መንገዱ ሲመጣ ምትክ ቦታ እንደሚሰጣቸው፣ ካሳም እንዳለው ምንተስኖት አስረዳቸው፤ በቅርቡ ነው አላቸው። እቤት ገብተው ሲናገሩ እትዬ ጌታነሽ የሚፈትሉትን አቁመው ተመለከቷቸው።

«በሌላ ሰው ቤት በኩል ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አሏቸው።

በዚያ ሰሞን አንድ ሠራተኛ መጥቶ የደጁ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ። ጋሽ ትዕዛዙ ራሳቸው መሰላል ያዙለት። ለአዲሱ ቤት የሚሆን ድንጋይም መጥረብ ጀመሩ፤ በሰው ሥራ መካከል ጥሩ ማዕዘን የሚወጣው ድንጋይ ሲያገኙ ወደ ጎን ያስቀምጡ ነበር።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ይህ ምንም አለመሆን እንዴት ረጅም እንደነበር መናገር ያስቸግረኛል። አንድ ዓመት በጀት አልተያዘም ተባለ። ሌላ ዓመት በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ከዞን የሚመጣም ከእኛ የሚሄድም ጠፋ፤ ያኔ የሰው ሐሳብ ዘይትና ስኳር፣ የልጆቹም ደኅንነት እንጂ ፕላን አልነበረም። ሲከፈት የሚያውቁን ሰዎች ተቀይረዋል። ጽናት የት እንደ ገባች የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ በግድግዳው ላይ ቀለሙ እየለቀቀ ቆየ፤ ቢጫው ነጣ፣ ነጩ መንገድ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ።

በዚህ መካከል ነው የጓሮው ግድግዳ ሆድ ያወጣው። ከላይ ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ መሠረቱን እየበላ ኖሯል። መጀመሪያ ጭቃው ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ከመካከሉ ወደ ውጭ ተነፋ። ጋሽ ትዕዛዙ ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አልጋቸው የተዘረጋው በዚያው ግድግዳ ሥር ነው። የሰው ግድግዳ ቢሆን ሦስት ሰው ይዘው እስከ መሠረቱ አውርደው፣ ውሃውን በቦይ መልሰው፣ ክረምት ሳይገባ መልሰው ያቆሙት ነበር። የራሳቸው ግን ቀይ ምልክት ያለበት ስለሆነ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ።

ምንተስኖት ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። የተወለደበትን ቤት ግድግዳ የሠሩት እኚህ ሰው ናቸው። የመጡበትን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሽ ትዕዛዙ፣ ቤቱ የመንገድ ክልል ውስጥ ነው። እዚያ ላለ ቤት የዕድሳት ፈቃድ አይሰጥም።»

«ዕድሳት አይደለም ልጄ። እንዳይወድቅብን ነው።»

«እሱ ነው ዕድሳት የሚባለው።»

«እንግዲያው መንገዱን አምጡና አፍርሱት።»

«በጀት የለም።»

«ታዲያ እኔ የት ልሁን?»

ይህንኑ ጥያቄ ምንተስኖትም ወደ ላይ ጠይቆ እንደነበር፣ ጠብቁ እንደ ተባለ ነገራቸው። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ በዚያው መስመር ላይ ያለች አንዲት ባልቴት የማድቤት ጣሪያ ስትቀይር አይቶ ዝም በማለቱ ከሥራው ተነሥቷል፤ ጣሪያውም ወርዷል። ይህን ጋሽ ትዕዛዙም ያውቁ ነበር። ቆባቸውን አንሥተው፣ አይዞህ ብለውት ወጡ። ምንተስኖትን ነው አይዞህ ያሉት። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።

ለምን ተደብቀው አልሠሩትም የሚል ይኖራል። በአስታ በር የጋሽ ትዕዛዙን መዶሻ የማያውቅ ጆሮ የለም። ከወንዙ ማዶ ሆኖ ዛሬ የማንን ቤት ጀመሩ ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ነው። ጭቃና ጭድ ተረግጦ፣ ድንጋይ ተጠርቦ፣ ግድግዳ ወርዶ ግድግዳ ሲወጣ በምን ይደበቃል?

ከተማው አዘነላቸው፤ ቀለደባቸውም። ጠላ ቤት ሲገቡ አንዱ ከጥግ፣ ጋሽ ትዕዛዙ፣ ሌላ ነገር ከመጠየቅዎ በፊት አስቀድመው ይንገሩኝ፣ ቤቴን ላሽሽ ይላቸዋል። እሳቸውም፣ ያንተማ ቤት እኔ ስላልሠራሁት በራሱ ጊዜ ይሄዳል ብለው ይመልሱለታል። ይሳቃል።

በሁዳዴ መግቢያ ወደ መምሬ መርስዔ ኃዘን ሄዱ። እትዬ ጌታነሽ ናቸው የላኳቸው። አንተ ያልኸውን ሊመልሰው የሚችለው እሳቸው ያሉት ብቻ ነው ብለው ነበር። ጋሽ ትዕዛዙ ከካህኑ ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ዙሪያውን ዞሩት። በድሮዋ መንገድ ላይ ያለችውን ጠባብ ቦታ ብቻ ማስፋት እንደሚቻል፣ ከሁለቱ የማዕዘን ቤቶች አጥር ትንሽ ቢገፋ ድባቡ ተዘርግቶ እንደሚያልፍ፣ ይህን ያህል ሰፊ መንገድ ታቦቱ እንዳልጠየቀ ተናገሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ይህን ቢል ይሰማል አሉ።

መምሬ መርስዔ ኃዘን መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው አዳመጡ። የእሳቸውም ማሳ መናፈሻ ተብሎ እንደ ተያዘ አልረሱም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንተ ለታቦቱ መንገድ ይስፋ ያልኸውን፣ እኔ ካህኑ ይጥበብ ልበል? በምን አፌ?»

«ይጥበብ አላልሁም አባቴ። ይበቃል ነው ያልሁት።»

«ለእግዚአብሔር ይበቃል ይባላል እንዴ?»

ካህኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ጋሽ ትዕዛዙን እስከ ደጅ ሸኝተው፣ ግድግዳውን እጸልይበታለሁ አሏቸው።

ከዚያ ተስፋ መጣ። የመጣው በምንተስኖት በኩል ነው። ፕላኑ ከግማሽ ዘመኑ ስለ ደረሰ ሊከለስ ነው፣ ሕዝቡም እንደገና ይሰበሰባል ተባለ። ምንተስኖት አንድ ቅዳሜ በገበያ መካከል ጋሽ ትዕዛዙን ጠጋ ብሎ አገኛቸው። መስመሩ ይቀየር ብሎ እሱ ማመልከት አይችልም፤ ሕዝብ በስብሰባ ከጠየቀ ግን መመዝገብ ግዴታው ነው። መንገዱ በድሮዋ ጠመዝማዛ ላይ ይሁን ብሎ አንድ ሰው ከተነሣ፣ ሁለት ሰው ከደገፈው ሊሆን ይችላል አላቸው። ያ አንድ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ጋሽ ትዕዛዙ ንግግሩን ተለማመዱት። እትዬ ጌታነሽ አዳራሹን ሆነው ይሰሙ ነበር። አጭር አድርገው ይሏቸዋል፤ ያሳጥሩታል። አሁን ደግሞ ጥፋተኛ መሰልህ ይሏቸዋል፤ እንደገና ይጀምራሉ። የሚደግፏቸው ሁለት ሰዎችም ተገኙ፤ አንዱ ይሥሐቅ ነበር።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመጣው ባለሙያ አዲስ ሰው ነው፤ የሚቸኩል፣ ጨዋ፣ ጉንፋን የያዘው። እሱም ከተማችሁ ወደፊት ምን እንድትሆን ትፈልጋላችሁ አለ። ጋሽ ትዕዛዙ ከፊታችን ተነሡ። ምንተስኖት እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ አየሁት። እትዬ ጌታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ባለፈው ስብሰባ ስለ ታቦቱ መንገድ ጠይቄ ነበር» ብለው ጀመሩ።

ከዚህ አላለፉም። ከሴቶቹ ወገን እልልታው ፈነዳ። የዚያን ጊዜውን ንግግር ያልረሱ እናቶች፣ ሰውየው ለታቦቱ ዳግመኛ ሊቆሙለት ተነሡ ብለው ነው ያመሰገኑት። ጭብጨባው ተከተለ። መምሬ መርስዔ ኃዘን አልባረኩም፤ መቋሚያቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። ጋሽ ትዕዛዙ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፤ እልልታው እጃቸው ሲነሣ ጨመረ። ዙሪያውን ተመለከቱ። እያንዳንዱን ፊት ያውቁታል፤ ብዙዎቹ የሚያድሩት እሳቸው ባቆሙት ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ፊቱም ሁሉ በርቷል። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

እንግዳው ባለሙያ ፈገግ አለና፣ እንግዲህ ሕዝቡ በመንገዱ ላይ ያለውን አቋም አጽንቷል አለ። ምንተስኖት የጻፈው ይህን ነው። ሌላ ሊጽፍ የሚችለው አልነበረም። ይሥሐቅ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ ነበር፤ ያልተነገረ ነገር እንዴት ይደግፋል? ተመልሶ ተቀመጠ።

እትዬ ጌታነሽ ግን ቆሙ። በስብሰባ ተናግረው አያውቁም።

«ግድግዳችን ሊወድቅ ነው» አሉ።

ባለሙያው በአክብሮት አዳመጣቸው። የግል አቤቱታ በቢሮ በኩል እንደሚታይ፣ ይህ ስብሰባ ስለ ከተማው አጠቃላይ ዕድገት እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ተቀመጡ። የገበያዋ ሴት በዚያ ቀን የመጸዳጃ ቤቱን ነገር በመጨረሻ ጠየቀች፤ ተመዘገበላት።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሰዎች ጋሽ ትዕዛዙን እየጨበጡ ጀግና ይሏቸው ነበር። እኔም ቀረብሁ። እጃቸውን ያዝሁ፤ ሻካራና ደረቅ ነበር፤ ለቀቅሁት።

ክረምቱ ገባ። ምንተስኖት ደንቡን አገላብጦ፣ በእንጨት መደገፍ ግንባታ አይባልም የሚል ነገር ስላገኘ የባሕር ዛፍ ግንድ ከውጭ አስደግፈው ነበር። ጋሽ ትዕዛዙ ይህን ሲሠሩ ከሰው ያፍሩ ነበር፤ ግንበኛ ድንጋይን በእንጨት አይደግፍም። አልጋውን ወደ ደጁ ግድግዳ አዛወሩት። ዝናብ ሲወርድ እትዬ ጌታነሽ ፈትላቸውን ይዘው ጎረቤት ይሄዳሉ፤ ጋሽ ትዕዛዙ አይሄዱም።

በነሐሴ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደቀ። ግንዶቹ መሬቱ ሲላላ ተንሸራተቱ፣ ግድግዳው ተከተላቸው። እኔ የሰማሁት ድምፅ እንደ ነጎድጓድ አልነበረም፤ የጫነው ሁሉ የተራገፈለት የአንድ ትልቅ እንስሳ ትንፋሽ ነበር የሚመስለው። ማንም አልተጎዳም። ጋሽ ትዕዛዙ ከደጅ ነበሩ። ስንደርስ ቤቱ ከጓሮ በኩል ተከፍቶ፣ አልጋው፣ ሣጥኑ፣ በገመድ የተሰቀለው የበግ ጠጉር ባና፣ ሁሉም ለዝናቡ ተገልጦ ይታያል። የሰው ቤት ውስጡ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲታይ ዓይኔን የት እንደማደርግ አላወቅሁም።

ከተማው መጣ። ግንበኞቹ፣ አብዛኞቹ የእሳቸው ደቀ መዛሙርት፣ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ሴቶች ጭድ ሊያመጡ ተነሡ። በእኛ አገር በእንዲህ ያለ ቀን ማንም አይጠራም፤ ሁሉም ይመጣል፣ ቤቱ ሳይመሽ ይቆማል። የሚጎድል አንድም ነገር አልነበረም። ድንጋዩ እዚያው አለ፣ ጭቃው እዚያው አለ፣ እጁ ሞልቷል። ሁሉም ምንተስኖትን ተመለከቱ። ዝናብ ላይ ቆሟል፤ ኮፍያ እንኳ አላደረገም።

ከግንበኞቹ አንዱ፣ እስከ ማታ ይበቃናል ምንተስኖት፣ አንተ ወደ ቤትህ ግባና አትይ አለው።

ምንተስኖት አልገባም። ነገ ማለዳ አፍራሾች እንደሚላኩ፣ ያቆሙትም ሰዎች እንደሚታሰሩ ተናገረ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ድገመው አሉት። ደገመው። ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረ።

«ድንጋዩን ማንሣት ይቻላል» አለ። «መልሶ መደርደር ነው የማይቻለው።»

ስለዚህ አነሣን። ሌላ የምናደርገው ስላልነበረ ያን ሁሉ ድንጋይ አንድ በአንድ እያነሣን፣ ጭቃውን በእጃችን እየጠረግን ወደ አጥሩ ጥግ አጋዝነው። ምንተስኖትም ያነሣ ነበር። የከተማው ሰው ሁሉ እስኪመሽ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንዱን በሌላው ላይ ሳያስተካክል ሲጥል ዋለ። ከግንበኞቹ አንዱ ረስቶ ሁለት ድንጋይ ገጣጥሞ አስቀመጠ፤ ጋሽ ትዕዛዙ ሄደው በእግራቸው ገፍተው ለዩአቸው።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ከይሥሐቅ መጋዘን ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገቡ። ኪራይ አልጠየቃቸውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ይሥሐቅም ከደጃፉ ቆሞ ነበር፤ እግሩን እየቀያየረ ይናገራል። አይቸኩሉ፣ ምንም አይደለም፣ ነገር ግን አዲሱ ገብስ ሲገባ የማስቀምጥበትን ለማወቅ ያህል፣ እስከ መቼ እንደምትቆዩ ቢነግሩኝ አለ።

ጋሽ ትዕዛዙ ወደ ሚስታቸው ተመለከቱ።

«መንገዱ ሲመጣ ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ብለውናል» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

«መንገዱ መቼ ነው የሚመጣው?»

እትዬ ጌታነሽ ፈትላቸውን አነሡ። ይሥሐቅ ራሱን ነቀነቀ፤ ግድ የለም፣ ገብሱን ሌላ ቦታ አደርገዋለሁ ብሎ ሄደ። ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ። ጋሽ ትዕዛዙ ጥቂት አዳመጡና ተነሥተው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ወዴት ነው በዚህ ዝናብ?» አሏቸው እትዬ ጌታነሽ።

የቀሩትን ሦስቱን ግድግዳዎች ልያቸው ብዬ ነው አሉ።

«አይተህ ምን ልታደርግ?»

ጋሽ ትዕዛዙ መዝጊያውን ይዘው ቆሙ። የሚያደርጉት እንደሌለ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ለማየት ነው አሉና ወጡ።